የጋርዴኒያዬ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ እንቡጡም ሳይፈካ ይረግፋል፤ ጥፋቱ የጥላው ነው ወይስ የሌላ?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ኅዳር 14

ጤና ይስጥልኝ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ግቢያችን ውስጥ ባለፈው ሰኔ ከአንድ ችግኝ ሻጭ የገዛሁት የጋርዴኒያ ተክል አለ። ለማታውቁት፣ ጋርዴኒያ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ አበባው እንደ ወተት የነጣ፣ ሽታውም ግቢ የሚያውድ ቁጥቋጦ ነው። የተከልኩት ከቤቱ የምሥራቅ ግድግዳ አጠገብ፣ ከእናቴ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው። እናቴን እግሯን ስለሚያማት ከቤት ብዙም አትወጣም፤ ጠዋት መስኮቷ ሲከፈት ሽታው እንዲገባላት ብዬ ነው ያንን ቦታ የመረጥኩት።

ተክሉ ሲመጣ ቅጠሉ ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር። ሁለት የፈኩ አበቦችና ዐሥራ አንድ እንቡጦች ነበሩት። ከእነዚያ እንቡጦች አንዱም አልፈነዳም፤ ጫፋቸው ነጣ ማለት ሲጀምር ከአንገታቸው እየተቀነጠሱ መሬት ላይ አገኛቸዋለሁ። ከመስከረም ወዲህ የወጡት ጥቂት አዳዲስ እንቡጦችም ዕጣቸው ያው ሆነ፣ ቅጠሉም ቢጫ መሆን ጀመረ። ቦታው ከቀትር በኋላ ሙሉ ለሙሉ ጥላ ነው፤ ጠዋትም ከጎረቤት አጥር ያዘነበለ የወይራ ዛፍ በከፊል ይጋርደዋል። ጥላው በዝቶበት ከሆነ ነቅዬ በር አካባቢ ፀሐይ ወዳለበት ልወስደው አስቤያለሁ፤ ነገር ግን ከእናቴ መስኮት ማራቁ ከብዶኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ቀጋ (ደሴ፣ ሆጤ)
ኅዳር 14

ለእናትዎ አላህ ምሕረቱን ይላክላቸው። ተክሉን በተመለከተ፣ እኔ ጥፋቱ የጥላው ነው ብዬ አላምንም፤ የአገራችን ብርድ ነው። ጋርዴኒያ ከቻይናና ከጃፓን ሞቃትና እርጥብ አካባቢዎች የመጣ ተክል ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሲወርድ የቧንቧ ውኃ እጅ እንዴት እንደሚቆርጥ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለስላሳ እንቡጥ ይህንን እንዲችል መጠበቅ ይከብዳል።

እኔ በርስዎ ቦታ ብሆን ነቅዬ በደጋችን የኖረ ተክል እተካለሁ። ጠንበለል ከፊል ጥላን ይወዳል፣ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ነጭ አበባውም ከጋርዴኒያ ባልተናነሰ ይሸታል፤ ሐረግ ስለሆነ ብቻ የሚደገፍበት እንጨት ወይም ሽቦ ይሻል። ሽታ ባይኖረውም ዓይን የሚሞላ ቢጫ አበባ ለሚፈልግ ደግሞ አምጃ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባሉ ተራሮች ላይ ያለማንም እንክብካቤ ሲያብብ ያዩት ይመስለኛል። ሰንሰልም ለአጥር ይሆናል። ለምን ከባዕድ ተክል ጋር እንደምንታገል ብዙ ጊዜ አይገባኝም።


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
ኅዳር 15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ጋርዴኒያዬ ከማንጎ ዛፍ ሥር አምስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ በየዓመቱም ያብባል። ስለዚህ ጥላው ብቻውን ተክሉን ያጠፋል ለማለት እቸገራለሁ። በርግጥ እኛ ሐረጎን ወርደን ከእናንተ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚለዋወጥ በእኛና በእናንተ መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ጋርዴኒያና ቡና የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ከጋርዴኒያዬ ጎን ሦስት እግር ቡና አለኝ፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ባለ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ቅርንጫፉ ሁሉ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ሲያድር፣ ያ ሽታ የዘመድ ሽታ መሆኑን አፍንጫ ራሱ ይመሰክራል። የቡናው አበባ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይጠወልጋል፤ የጋርዴኒያው ይሰነብታል።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን እኛ ሰፈር ሁለት ነገር ይደረጋል፦ የቡና አተላ ከሥሩ ይደፋል፣ ዝገት የያዘ ሚስማርም አፈሩ ውስጥ ይቀበራል፤ ብረት ይሰጠዋል ይባላል። ቢሞክሩት አይጎዳም።


የአፈር ሰው (ደሴ)
ኅዳር 16

በግብርና ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ቆይቼ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ፤ የአፈር ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ልጄ፣ ተክሉን ለመንቀል አትቸኩል። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ማለት «ታመምኩ» እንደማለት ነው፤ የት እንደሚያምህ ካልነገርከን መድኃኒቱ አይታወቅም። ስለዚህ አራት ነገር ተመልክተህ ንገረን።

መጀመሪያ፣ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል ነው? ከታች፣ ወደ ግንዱ የተጠጋው አሮጌ ቅጠል ብቻ ከሆነ ብዙም አያሳስብም፤ ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆነ ተክልም እኮ አሮጌ ቅጠሉን ጥቂት ጥቂት እያለ ይጥላል፣ ሁሉንም በአንድ ወቅት ስለማያራግፈው ነው የማይረግፍ የሚመስለን። ቢጫው ከአሮጌው ቅጠል ጀምሮ ወደ ላይ እየተዛመተ ከሆነ የናይትሮጅን ወይም የማግኒዥየም እጥረት ይጠረጠራል። ከጫፍ ያለው ለጋ ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ሆኖ፣ የቅጠሉ ጅማት ግን አረንጓዴ እንደሆነ ከቀረ፣ ያ ተክል ብረት አጥቷል። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ሲጎድል አሮጌው ቅጠል ያለውን ለለጋው አሳልፎ ይሰጣል። ብረት ግን ካረፈበት ቅጠል ወደ ሌላው አይሄድም፤ ስለዚህ ሲጎድል መጀመሪያ የሚራበው አዲስ የሚወጣው ነው።

ሁለተኛ፣ ፀሐዩን ቁጠርልን። «ከፊል ጥላ» የሚለው ቃል ለሁሉ ሰው አንድ አይደለም። አንድ ቀን ሙሉ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥተህ ፀሐይ ቅጠሉ ላይ መቼ እንደምታርፍ፣ መቼ እንደምትለቅ ጻፍ። ሦስተኛ፣ ከተከልከው ወዲህ ከሥሩ ያደረግህበትን ነገር ሁሉ ሳትደብቅ ንገረን። አራተኛ፣ ያ ግድግዳ መቼ ተሠራ፣ መቼስ ተለሰነ?


የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ኅዳር 19

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያዘዙኝን አድርጌያለሁ።

ቅጠሉን ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጋር በመስኮቱ በኩል አየነው። የታችኛው ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ቢጫው ከላይ ነው። ከጫፉ አንዱን ቅጠል ቆርጬ ለእናቴ ሰጠኋት፤ ወደ ብርሃኑ አንሥታ «መረብ ይመስላል» አለች፤ እውነትም መሬቱ ሎሚ መስሎ ጅማቶቹ ብቻ በአረንጓዴ ክር የተጠለፉ ይመስላሉ።

ፀሐዩን እሑድ ቆጠርኩት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ትደርስበታለች፤ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በወይራው ቅጠል መካከል እየተንጠባጠበች ትወርድበታለች፤ ከዚያ እስከ 6 ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ድረስ ቀጥታ ታገኘዋለች። ከዚያ በኋላ የቤቱ ጥላ ይሸፍነዋል፤ ማታም ፀሐይ ቶሎ ከጦሳ ጀርባ ስለምትገባ ጥላው አይነሣም። በድምሩ ሦስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ የተበጣጠሰ ማለት ነው።

ከሥሩ ያደረግሁትን በተመለከተ፣ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ ነስንሼለታለሁ። አያቴ ጎመኑንም ጌሾውንም በአመድ ስታሳምር ስላየሁ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ አመዱን ጨመርኩለት። ግድግዳው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ዙሪያውን ያለው የእግር መሄጃም የተሞላው ያን ጊዜ ነው።


የአፈር ሰው (ደሴ)
ኅዳር 19

እናትህ ጥሩ አድርገው አይተዋል፤ መረብ የሚመስል ለጋ ቅጠል የብረት እጥረት ምልክት ነው። አሁን ጉዳዩ ጠራልኝ፤ ጥላው ከደሙ ንጹሕ ነው። የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ለጋርዴኒያ ጥሩ አቀማመጥ ነው፤ በእኛ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ቅጠልና አበባ ስለሚለበልብ ወደ በሩ ብትወስደው ኖሮ ሌላ ችግር ትጨምርበት ነበር።

ጋርዴኒያ ኮምጣጣ አፈር የሚወድ ተክል ነው፤ የሚስማማው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ኮምጣጣነቱ ይበዛል) ከ5 እስከ 6 ያለው ነው። የእንጨት አመድ ፒኤቹ ከ10 በላይ ነው፤ ትኩስ ሲሚንቶ ደግሞ ከ12 ያልፋል። የፒኤች መለኪያ በአንድ እርምጃ ከፍ ባለ ቁጥር የአፈሩ ኮምጣጣነት በዐሥር እጥፍ ይቀንሳል፤ በአፈሩ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ብረት ደግሞ ከዚያም በብዙ እጥፍ ይመነምናል። ስለዚህ በአፈርህ ውስጥ ብረት ሞልቶ ተክልህ ብረት ይራባል፤ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ማለት ነው። አያትህ አልተሳሳቱም፤ ጎመን አመድ ቢያገኝ አይጠላም። ጋርዴኒያ ግን ጎመን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃምና በወለጋ ብዙ ቦታ የእርሻው አፈር ከመጠን በላይ ስለኮመጠጠ ገበሬው ኖራ እንዲጨምር ይመከራል፤ ያ ምክር ለስንዴና ለገብስ ትክክል ነው። ይህንን ሰምታችሁ ኖራ ለአበባ ሁሉ ይበጃል ብላችሁ ለጋርዴኒያ፣ ለካሜሊያ ወይም ለአዛሊያ እንዳትሰጡ፤ እነዚህ ኮምጣጣውን የሚፈልጉት ናቸው።

አሁን ከግድግዳው ሥር አንድ ክንድ ያህል ቆፍር። ከዚያ የወጣውን አፈር በሰሃን አድርገህ አቼቶ አፍስስበት። ካልጮኸ፣ ካልፈላ፣ ተሳስቼ ይሆናል። ከፈላ ግን ኖራ አለበት።


የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ኅዳር 21

ጋሼ፣ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

በዶማ ከተክሉ በሁለት ስንዝር ርቀት መቆፈር ጀመርኩ። የላይኛው አንድ ስንዝር የማውቀው ጥቁር አፈር ነው፤ ከችግኙ ጋር ገዝቼ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሥር ዶማው ድንጋይ ነክቶ ተመለሰ። በእጄ ስጠርገው ድንጋይ አልነበረም፤ በላስቲክ ከረጢት ቅርጽ የደረቀ የሲሚንቶ ድፍድፍ ነበር፤ የከረጢቱ እጥፋት እንኳ ላዩ ላይ ታትሟል። ከእሱ ቀጥሎ የልስን ፍርፋሪ፣ የጡብ ስብርባሪ፣ ግራጫ አሸዋ። ግንበኞቹ የተረፋቸውን ሁሉ እዚያው ደፍተው አፈር አልብሰውበት ሄደዋል። የተክሉ ሥር ወደ ታች ሁለት ጣት ያህል ወርዶ፣ ፍርስራሹ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ተጠምዟል፤ ጫፉም ቡናማ ሆኗል።

በሰሃን አድርጌ አቼቶ አፈሰስኩበት። እንደሚፈላ ጠላ አረፋ አወጣ፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ሲንሸዋሸዋ ይሰማኛል። ከግቢው ሌላ ጥግ ያመጣሁት አፈር ላይ ሳፈስ ግን ዝም አለ። እናቴ ሁለቱንም ሰሃን አስመጥታ አየች፤ «በል እንግዲህ ቶሎ አውጣው» ብላኛለች።


ቀጋ (ደሴ፣ ሆጤ)
ኅዳር 21

ይህንን ሳነብ ደነገጥኩ። «ነቅለው ሌላ ይትከሉ» ብዬ ነበር፤ ጠንበለሉም ቢሆን እዚያ ፍርስራሽ ላይ ቢተከል መሰቃየቱ አይቀርም ነበር። ስለ ብርዱ ያልኩትን ግን ሙሉ ለሙሉ አላነሣም። ጋሼ፣ የእንቡጡ መርገፍ ከብርዱ ጋር አይገናኝም?


የአፈር ሰው (ደሴ)
ኅዳር 22

እመቤቴ፣ ይገናኛል፤ ያነሡት ትክክል ነው። አፈር ሲቀዘቅዝ የጋርዴኒያ ሥር ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ብረት መሳቡም ይደክማል፤ በብርድ ወራት ቢጫነቱ የሚብሰው ለዚህ ነው። እንቡጥ ደግሞ በቀንና በሌሊት ሙቀት ድንገተኛ መለዋወጥ፣ በውኃ ጥማት፣ በውኃ ብዛትና ተክሉ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ይረግፋል። የሰኔዎቹ ዐሥራ አንድ እንቡጦች ከችግኝ ሻጩ ቤት ወደ ግቢው ሲመጡ በድንጋጤ የረገፉ ይመስለኛል፤ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ ብርዱም ገና አልመጣም ነበር። የኋለኞቹን ግን የተራበው ሥርና ብርዱ ተጋግዘው ነው የጣሏቸው። የደሴ ሰው ጋርዴኒያ ሊያሳድግ ይችላል፤ የኮምቦልቻን ያህል አበባ መጠበቅ ግን የለበትም። ዋናው አበባው ከሚያዝያ በኋላ ሌሊቱ ሲለዝብ ይሆናል። የሞቀ ግድግዳ አጠገብ መሆኑ ሌሊት ይጠቅመዋል፤ ስለዚህም ነው ከመስኮቱ ብዙ እንዲርቅ የማልፈልገው።

ልጄ፣ እንዲህ አድርግ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለህ፣ ከዚያው መስኮት ፊት ለፊት፣ ወርዱም ጎኑም 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 የሆነ ጉድጓድ ቆፍር፤ ፍርስራሽ እስከምታጣ ድረስ ግን ከዚያም በላይ ቢሆን አትቁም። የወጣውን ወደ ሌላ የአበባ መደብ አትገልብጠው፤ ከግቢ ይውጣ። ጉድጓዱን ሲሚንቶ ባልነካው ቀይ አፈር፣ በደንብ በበሰበሰ የቅጠል ብስባሽና በጥቂት አሸዋ ሙላው። ለዚህ የሚሆነውን ብስባሽ ከባሕር ዛፍ ቅጠል አትሥራው፤ ባሕር ዛፍ ሌሎች ተክሎችን የሚያቀጭጭ ነገር በቅጠሉ ውስጥ አለበት፣ በከተማችን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚገኘው እሱ ነው። የጽድ፣ የወይራ፣ የኮሽም፣ ያገኘኸው የሌላ ዛፍ ቅጠል ይሆናል።

ጠዋት ሳይሆን ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ከገባች በኋላ አዛውረው። ከአንድ ቀን በፊት ጠግቦ ይጠጣ። ሥሩን ከነአፈሩ በአካፋ ዙሪያውን ቆርጠህ በጆንያ ላይ አንሣው፤ የሞተውን ቡናማ ጫፍ በስለታም መቀስ ቁረጥ። ሲተከል አንገቱ ከበፊቱ ጠልቆ እንዳይገባ፤ እንዲያውም ሁለት ጣት ያህል ከመሬቱ ከፍ ይበል፣ አፈሩ ሲረጋ ይወርዳልና። ላዩን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጉዝጓዝ አልብሰው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው። ከዚያ ወዲህ ዶማም መኮትኮቻም ከሥሩ አታድርስ፤ የጋርዴኒያ ምግብ የሚስበው ሥር ከመሬቱ ገጽ ብዙ አይርቅም፣ አረም ቢበቅል በእጅ ይነቀላል።

ውኃውን ከቆርቆሮህ ጣሪያ በበርሜል ካጠራቀምከው ዝናብ ብታደርገው ይመረጣል። የቧንቧው ውኃ በማንቆርቆሪያ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ኖራ አለውና፣ በአመድ ያደረስክበትን በውኃ ትመልሰዋለህ።


ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)
ኅዳር 23

ጋሼ፣ እኔ ስለ ሚስማሩና ስለ ቡናው አተላ የጻፍኩት ሳይታረም እንዳይቀር ብዬ ነው የምጠይቀው። ስህተት ከሆነ ይንገሩን።


የአፈር ሰው (ደሴ)
ኅዳር 23

በቅንነት ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ሚስማሩ አይጠቅምም። ዝገት ማለት ብረቱ ሥር ሊስበው በማይችል መልክ ታስሮ ያለበት ሁኔታ ነው፤ ቀይ አፈራችን ቀይ የሆነው ራሱ በዚያው የብረት ዝገት ነው፣ እጥረቱ የብረት ማነስ ቢሆን ኖሮ በቀይ አፈር ላይ ማንም ተክል ብረት ባልተራበ ነበር። የሚሠራው «ኬሌት» የሚባለው፣ ብረቱ በአፈር እንዳይታሰር ተሸፍኖ የሚዘጋጅ ማዳበሪያ ነው፤ ከግብርና ግብዓት ሻጮች ካገኛችሁ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጣችሁ በማለዳ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። እሱም ቢሆን ማስታገሻ ነው፤ አፈሩ ካልተስተካከለ ቢጫው ይመለሳል።

የቡና አተላ በልኩ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ከተፈላ በኋላ የሚቀረው አተላ ኮምጣጣነቱ ከውኃው ጋር በአብዛኛው ወጥቷል፤ አፈርን ያኮመጥጣል ብሎ መተማመን አይቻልም። እንደ ማንኛውም ብስባሽ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ያውም ከሌላ ብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ። በወሎ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይፈላልና፣ ሁሉን ከአንድ ተክል ሥር ስንደፋ ላዩ ደርቆ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ውኃም አያሳልፍም። በሳምንት አንድ ጭብጥ ይበቃል። ጨው ወይም ጤና አዳም የገባበት ጀበና አተላ ከሆነ ደግሞ የጨው የሆነውን ፈጽሞ አትስጡ።


የካርታ መምህር (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
ኅዳር 25

ስለ ጥላ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ሰው ጥላን በበጋ ለክቶ በክረምት ይሳሳታል። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 34 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ታልፋለች። በትክክል አናታችን ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው። በቤታችሁ ሰሜን በኩል ያለው መደብ ታኅሣሥ ላይ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሆኖ ብታዩት፣ ግንቦት ላይ የቀትር ፀሐይ ሊያገኘው ይችላል፤ የደቡቡ መደብ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የምሥራቅ ግድግዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ብርሃን፣ ከሰዓት ጥላ ሆኖ ስለሚዘልቅ የጠያቂው ምርጫ ጥሩ ነበር። ከወይራው ላይ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ቢነሣ የጠዋቱ ፀሐይ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፤ አበባ ለመያዝ ያ ይረዳዋል። የጎረቤት ዛፍ ስለሆነ አስፈቅዶ ነው እንጂ።


የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ግንቦት 9

ከስድስት ወር በኋላ ተመልሻለሁ፤ ዝምታዬ ውጤቱን ሳላይ ላለመጻፍ ነው።

ኅዳር 27 አዛወርኩት። ከጉድጓዱ ዐሥራ አንድ ባልዲ ፍርስራሽ ወጣ። የጎረቤታችን አባት ወይራውን ራሳቸው ወጥተው ሁለት ቅርንጫፍ ቀነሱልኝ፤ ቅጠሉንም ለብስባሽ ሰጡኝ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ተክሉ ምንም አላሳየም፤ እንዲያውም ጥቂት ቅጠል ጣለና ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማታ ማታ ውርጩ ሲበረታ በአራት እንጨት ላይ ጆንያ እየዘረጋሁ፣ ጠዋት እያነሣሁ አሳለፍኩት። የካቲት መጨረሻ ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ከጫፎቹ ለጋ ቅጠል ወጣ፤ አረንጓዴ፣ ያውም የሚያብረቀርቅ። የቀድሞዎቹ ቢጫ ቅጠሎች አልዳኑም፤ አዲሱ ሲበዛ አንድ በአንድ ረገፉ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። መስኮቱ ገና አልተከፈተም ነበር፤ «ሽታው ገባ» አለችኝ። ወጥቼ ሳይ አንድ አበባ ፈክቷል፤ ስድስት እንቡጦችም ከኋላው አሉ። ዛሬ ሁለተኛው ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው ወደ ቅቤ ቀለም እየተለወጠ ነው። ጋሼ፣ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ቅርንጫፎቹ ወዲያና ወዲህ ሄደው መልኩ ተዘበራርቋል፤ መቼ ልግረዘው?


የአፈር ሰው (ደሴ)
ግንቦት 9

ልጄ፣ ይህንን ሳነብ እኔም ሽታው የደረሰኝ መሰለኝ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

አበባው ወደ ቅቤ ቀለም መለወጡ ጤናው ነው፤ ሁሉም ሲያረጅ እንዲያ ይሆናል። መግረዙን አበባው ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቅ፤ እንዳለቀ ግን አትዘግይ። ዘግይተህ ከገረዝክ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያዘጋጀውን እንቡጥ ነው የምትቆርጠው። ከየቅርንጫፉ ከሲሶው አትለፍ፤ መቁረጫውን ከቅጠል አንገት በላይ አድርግ። ክረምቱ ሲገባ ከግርጌው ውኃ እንዳይቆም በአንድ በኩል ቦይ ክፈትለት። ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የሚመስል ጥቁር ነገር ካየህ ሥሩን ሳይሆን የቅጠሉን ጀርባ ተመልከት፤ እዚያ የተጣበቁ ትናንሽ ነፍሳት ይኖራሉ፣ በሳሙና ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጠረጋሉ።


ቀጋ (ደሴ፣ ሆጤ)
ግንቦት 10

እንኳን ደስ አለዎት፤ ለእናትዎ ይበልጥ ደስ ብሎኛል። እንዲነቅሉት የመከርኩት እኔ ስለሆንኩ አሁን ደግሞ ለመለመን አፈርኩ፤ ሲገርዙት አንድ ቅርንጫፍ ያስቀሩልኛል? የኔም መደብ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ ነው፤ ትናንት አራት ቦታ ቆፍሬ አቼቶ አፍስሼበታለሁ፣ አልፈላም።


የጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ግንቦት 10

ምን ያሳፍራል እቴ! ጋሼ እንዳሉት አበባው እንዳለቀ እገርዘዋለሁ፤ ምናልባት ሰኔ መጨረሻ ይሆናል። ጣት ያህል ርዝመት ያላቸውን፣ ከሥራቸው ጠንከር፣ ከጫፋቸው ለስለስ ያሉትን መርጬ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሥቼ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጥልዎታለሁ። በአሸዋና በብስባሽ ድብልቅ ተክለው ላዩን በላስቲክ ሸፍነው ጥላ ውስጥ ቢያቆዩት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ሥር ያወጣል። አንድ ብቻ ከሆነ ሊከሽፍ ስለሚችል አምስት አደርግልዎታለሁ። ሲመጡ ከእናቴ ጋር ቡና ይጠጣሉ፤ መስኮቱም ክፍት ይሆናል።